ጥቅጥቁ ክሮማቲን ወደ ጥግ የተጣለ ዕቃ አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ሴል ኒውክለስ፣ ማለትም ስለ ሴሉ እምብርት ነው፤ በተለይ ዲኤንኤ እዚያ ውስጥ እንዴት ታጭቆ እንደሚቀመጥ። ዲኤንኤው ከያዙት ፕሮቲኖች ጋር አንድ ላይ ክሮማቲን ይባላል። ላላነበባችሁት፣ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ዲኤንኤ በኒውክለስ ውስጥ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ተበትኗል። የማያስፈልገው ክፍል በየደረጃው እየተጠቀለለ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ከዚያ የኒውክለሱ ግድግዳ ስቦ ጥግ ያስይዘዋል። ጥግ የደረሰ ጂን ደግሞ ሞቷል። አቀማመጡ በሁሉም ሴል አንድ ዓይነት ነው። በመጨረሻም፣ ማርጀት የማይፈልግ ሰው ይህ ክፍል እንዳይላላበት ይጠንቀቅ ይላል።

ጸሐፊው እንዲህ ያለውን ርዕስ በአማርኛ ደፍረው መጻፋቸው ደስ ብሎኛል፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ችግሩ ከተዘረዘሩት ነጥቦች አብዛኞቹ ወይ በቤተ ሙከራ ውድቅ ሆነዋል፣ ወይ ግማሽ እውነት ናቸው። ከሁሉም በላይ ያልተዋጠልኝ ግን ጥቅጥቁ ክፍል ሌላ አካል የሚጎትተው ዝም ያለ ሸክም ተደርጎ መቅረቡ ነው። እስካሁን ያለው መረጃ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሚያመለክተው። ኒውክለሱን ቅርጽ ካስያዙት ነገሮች ዋናው ይኸው ጥቅጥቅ ክፍል ራሱ ነው። እንግዲህ በየተራ እንያቸው።

መጀመሪያ ተጠላልፎ ተበትኗል የሚለው። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። የሚቀመጥበት ኒውክለስ ደግሞ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 10 ማይክሮሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን የሰማ ሰው መጠላለፉን ቢገምት አይፈረድበትም፤ ሳይንቲስቶችም ለረጅም ጊዜ እንዲያ ነበር የሚያስቡት። ነገር ግን ካርል ራብል በ1885፣ ቴዎዶር ቦቨሪ ደግሞ በ1909 እያንዳንዱ ክሮሞዞም፣ ማለትም እያንዳንዱ ረጅም የዲኤንኤ ቁራጭ፣ በኒውክለሱ ውስጥ የራሱ ሠፈር አለው የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሐሳቡ ተረስቶ ቆየ። ያስነሱት ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ቶማስና ክሪስቶፍ ክሬመር ናቸው። ሙከራቸው ቀላልና ብልህ ነበር። በጣም ቀጭን የአልትራቫዮሌት ሌዘር ወስደው የሕያው ሴል ኒውክለስ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ብቻ መቱ። ክሮሞዞሞቹ ተጠላልፈው ከሆነ በዚያች ነጥብ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚያልፉ በመሆኑ ጉዳቱ በብዙዎቹ ላይ ትንሽ ትንሽ መታየት ነበረበት። የየራሳቸው ሠፈር ካላቸው ደግሞ ጥቂቶቹ ብቻ ክፉኛ ይመታሉ። ውጤቱ ሁለተኛው ሆነ፤ የተጎዱት ጥቂት ክሮሞዞሞች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ክሮሞዞሞችን በየቀለማቸው እየለዩ ማየት ሲቻል ነገሩ በዓይን ተረጋገጠ። ሠፈሮቹም በዘፈቀደ የተደለደሉ አይደሉም። የሰው 18ኛና 19ኛ ክሮሞዞሞች በመጠን ብዙም አይራራቁም። 18ኛው ግን ጂን የሚያንሰው ሲሆን 19ኛው በጂን የታጨቀ ነው። በ1999 ኤድንብራ ላይ የወጣው ጥናት ሊምፎሳይት በሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ 18ኛው ወደ ኒውክለሱ ጠርዝ፣ 19ኛው ደግሞ ወደ መሀል እንደሚያደላ አሳየ። ይህ በተበታተነ ነገር ላይ አይታይም።

በየደረጃው ይጠቀለላል የሚለው ደግሞ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ነው፤ ሁላችንም ተምረነዋል። ዲኤንኤ በሂስቶን ፕሮቲኖች ላይ ይጠመጠምና ኒውክሊዮሶም ይሆናል። እስከዚህ ልክ ነው፤ 147 የዲኤንኤ ፊደል ጥንዶች አንድ የሂስቶን ስብስብ ላይ እንደሚጠመጠሙ በአቶም ደረጃ ታይቷል። ቀጥሎ ኒውክሊዮሶሞቹ 30 ናኖሜትር ውፍረት ባለው ገመድ ይጠቀለላሉ፣ ያም እንደገና ይጠቀለላል፣ ጥቅጥቁ ክፍል የዚህ የመጨረሻው ደረጃ ነው የሚባለው ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። የ30 ናኖሜትሩን ገመድ ተመራማሪዎቹ ፊንችና ክሉግ በ1976 ያቀረቡት ከሴል ወጥቶ የተዘጋጀ ክሮማቲንን በማየት ነው። በሕያው ሴል ውስጥ ሲፈለግ ግን በአብዛኛው የለም። እንደ ዶሮ ቀይ የደም ሴል ባሉ ለየት ያሉ ሴሎች ታይቷል፤ በተራው የሰው ሴል ግን አልተገኘም። በ2017 ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሳልክ ተቋም ቡድን ዲኤንኤውን በልዩ ዘዴ ቀልሞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሦስት አቅጣጫ ሲያየው ያገኘው ከ5 እስከ 24 ናኖሜትር የሚወፍር፣ ሥርዓት የሌለው የሚተጣጠፍ ሰንሰለት ነው። ጥቅጥቅ ባለውም ላላ ባለውም ቦታ ሰንሰለቱ ያው ነው። የሚለየው በአንድ ቦታ ምን ያህሉ ተጠጋግቶ ተቀመጠ የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች፣ ያንን የመሰላል ሥዕል እንደ ታሪክ ያዙት።

ወደ ድንጋዩ እንምጣ። ጸሐፊው ጥቅጥቁ ክፍል፣ ማለትም ሄትሮክሮማቲን፣ ምንም የማይገባበት ጠጣር ነገር ነው ብለዋል። ኤሚል ሃይትስ በ1928 ይህን ክፍል ለይቶ ስም ሲሰጠው ያየው ሴሉ ተከፍሎ ካበቃ በኋላም ቀለሙ ጠቁሮ የሚቀር የክሮሞዞም ክፍል ነበር። ጥቁር ሆኖ የታየ ነገር ጠጣር ይመስላል። ግን እዚያ ውስጥ ኤችፒ-1 የሚባል፣ ጥቅጥቁን ክፍል አጠጋግቶ የሚይዝ ፕሮቲን አለ። በ2003 ሁለት ቡድኖች ፕሮቲኑን በሚያበራ ምልክት ለጥፈው አንድ ጥቅጥቅ ቦታ ላይ ያለውን ብርሃን በሌዘር አጠፉት። ፕሮቲኑ ተቸክሎ የሚቀር ቢሆን ቦታው ጨለማ ሆኖ ይቀር ነበር። ሆኖም ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ብርሃኑ ተመለሰ። የጠፉት ሞለኪውሎች ወጥተው ሌሎች ገብተዋል ማለት ነው። ጥቅጥቁን አጥብቆ ይይዛል የሚባለው ፕሮቲን ራሱ በየሰከንዱ ገቢና ወጪ ነው! የጃፓን ተመራማሪዎችም በሕያው የአይጥ ሴል ውስጥ ሲለኩት የጥቅጥቁ ክፍል ጠቅላላ ጥግግት ከአካባቢው 1.5 እጥፍ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኙት። ዲኤንኤው በጣም ተጠጋግቷል፤ በመሀሉ ግን ውኃና ፕሮቲን የሚዘዋወርበት ቦታ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ያልተዘጋ ክርክር መኖሩንም ልንገራችሁ። በ2017 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በፍራፍሬ ዝንብ፣ ሌላው በሰው ፕሮቲን ሠርተው፣ ኤችፒ-1 እንደ ፈሳሽ ጠብታ እንደሚጠራቀም አሳዩ። በ2020 ደግሞ ሌላ ቡድን በአይጥ ሴሎች ላይ የፈሳሽ ጠብታ ምልክቶቹን አጣሁ አለ። ፈሳሽ ይሁን ሌላ ነገር ገና ይከራከሩበታል። ድንጋይ ነው የሚል ግን በመካከላቸው የለም።

አቀማመጡ በሁሉም ሴል አንድ ነው የሚለው በጣም ገርሞኛል፤ ምክንያቱም ይህን ለማፍረስ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አገራችን ውስጥ በየሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ያለ ተራ ማይክሮስኮፕ ይበቃል። የተቀለመ የደም ወይም የመቅኔ ስላይድ ስታዩ ፕላዝማ ሴልን የምትለዩት በምንድን ነው? ኒውክለሱ ወደ አንድ ጎን ተገፍቷል፤ ጥቋቁሮቹ የሄትሮክሮማቲን ጉብታዎች ደግሞ ጠርዙን ተከትለው እየተራራቁ ተደርድረዋል። ባለሙያዎቹ የሰዓት ፊት የሚሉት ይህንን ነው። ትንሹ ሊምፎሳይት ሌላ ነው፤ ኒውክለሱ ወፍራም ወፍራም ጓል ይዞ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ጠቁሯል። ገና ያልበሰለው ብላስት ሴል ላይ ደግሞ ክሮማቲኑ ስስና የተበተነ ስለሆነ በመሀሉ ኒውክሊዮለሱ፣ ማለትም ኒውክለሱ ውስጥ ያለው ትንሽ ክብ አካል፣ ፍንትው ብሎ ይታያል። ሉኪሚያ የሚጠረጥር የላቦራቶሪ ባለሙያ በየቀኑ የሚፈርደው አንድም በዚህ አቀማመጥ ነው። አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ይህ ሙያ ከየት ይመጣ ነበር?

አሁን ግድግዳው። ይህ የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ግድግዳው ሚና የለውም አልልም። ከኒውክለሱ ሽፋን በታች ላሚን ከሚባሉ ፕሮቲኖች የተሠራ መረብ አለ። በ2008 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራ ጥናት ፋይብሮብላስት በሚባሉ የሰው ተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሴሎች ውስጥ ከዚህ መረብ ጋር የሚነካኩ ከ1300 በላይ ሰፋፊ የዲኤንኤ ክልሎችን ዘርዝሯል፤ አብዛኞቹም ጸጥ ያሉ ናቸው። ሄትሮክሮማቲንን ከጠርዙ ጋር የሚያያይዙ ማሰሪያዎችም ይታወቃሉ። አንዱ ላሚን ኤ/ሲ ነው፣ ሌላው ኤልቢአር የሚባል የሽፋን ፕሮቲን። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን። እንግዲህ ግድግዳው አደራጁ ከሆነ፣ ሁለቱም ማሰሪያዎች ሲጠፉ ምን መሆን አለበት? ጥቅጥቁ ክፍል ተፈትቶ ከላላው ጋር መደባለቅ አለበት።

ተፈጥሮ ይህን ሙከራ አይጥ ዓይን ውስጥ ሠርታልናለች። በሬቲና ላይ ሮድ የሚባሉ፣ በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩ ሴሎች አሉ። አይጥ ሲወለድ የእነዚህ ሴሎች ኒውክለስ እንደማንኛውም ነው፤ ጥቅጥቁ ጠርዝ ላይ፣ ላላው መሀል። ከተወለደ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ግን ሴሎቹ ሁለቱንም ማሰሪያዎች ያጣሉ። ያኔ ኒውክለሱ ቀስ እያለ ይገለበጣል። ተበታትነው የነበሩት የጥቅጥቅ ክፍል ጉብታዎች እየተገናኙ ይዋሃዱና መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ክብ ሆነው ትክክል መሀሉ ላይ ይቀመጣሉ። በዙሪያው ሌላው የሄትሮክሮማቲን ዓይነት ቀለበት ይሠራል። ሥራ የሚበዛበት፣ ጂኖች የሚነበቡበት ላላው ክሮማቲን ደግሞ ወደ ውጭ ወጥቶ ጠርዙን ይይዛል። ኢሪና ሶሎቬይና ባልደረቦቿ ይህን በ2009 ሲያሳትሙ በርካታ አጥቢ እንስሳትን አነጻጽረው ነበር። የተገለበጠው አቀማመጥ የሌሊት እንስሳት ነው፤ በቀን የሚንቀሳቀሱት የተለመደውን ይዘዋል።

ለምን ይጠቅማቸዋል? የአይጥ ሬቲና ላይ የሮድ ኒውክለሶች በብዙ ድርድር ተደራርበዋል። ብርሃን ተቀባዩ ጫፍ ጋ ለመድረስ ያንን ሁሉ አልፎ መሄድ አለበት። ጥቅጥቁ መሀል ሲሆን እያንዳንዱ ኒውክለስ ትንሽ ሌንስ ይሆንና ብርሃኑን ሳይበትን ወደ ታች ያሳልፈዋል። በኋላም ኤልቢአርን በሮድ ሴሎቻቸው ውስጥ እንዲያመርቱ የተደረጉ አይጦች ተሠርተው ኒውክለሱ ሳይገለበጥ ቀረ። በ2019 በወጣ ጥናት እነዚህ አይጦች በደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ብሩህና ጨለማ የመለየት አቅማቸው ከተለመዱት አይጦች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ፕሮቲን ምክንያት የክሮማቲን አቀማመጥ ተቀይሮ የእንስሳው ዕይታ ተቀየረ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ በዚህ ዘርፍ ከዚህ የሚያምር ግኝት አላውቅም፤ ጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አለማግኘቱ ያሳዝነኛል።

የግድግዳውን ነጥብ የሚዘጋው የሚከተለው ነው። ማሰሪያዎቹ ሲጠፉ ጥቅጥቁና ላላው አልተደባለቁም። መለያየታቸው ቀጠለ፤ የተቀየረው ማን መሀል፣ ማን ዳር የሚለው ብቻ ነው። በዚያው በ2019 የሶሎቬይ ቡድን ከሊዮኒድ ሚርኒ ቡድን ጋር ሆኖ የተገለበጡትንም የተለመዱትንም ኒውክለሶች በኮምፒውተር ሞዴል ፈተሸ። ሁለቱንም የሚያስረዳው አንድ ዋና ኃይል ሆኖ የወጣው የሄትሮክሮማቲን እርስ በርስ መሳሳብ ነው። ወጥ ላይ ያሉ የዘይት ጠብታዎች ሲነካኩ እየተዋሃዱ እንደሚተልቁት፣ ጥቅጥቁም ጥቅጥቁን ያገኛል። ግድግዳው የሚጨምረው ነገር ቢኖር ይህ የተጠራቀመው ክፍል ወደ ዳር እንዲመጣ ማድረግ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው መንስኤውንና አጋዡን አቀያይረዋል።

ጥግ የደረሰ ጂን ሞቷል የሚለውን በተመለከተ፣ በ2008 ሦስት ቡድኖች በቀጥታ ሞክረውታል። ጂኖችን በሰው ሠራሽ መንገድ ከጠርዙ ጋር አሰሯቸው። አንዳንዶቹ ጂኖች ሥራቸው ቀነሰ፤ ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም፤ በአንደኛው ጥናት ላይ የታሰረው ጂን ሲቀሰቀስ እንደ ወትሮው ሠራ። ተቃራኒውም ተሞክሯል። በ2014 የኤድንብራዎቹ ተመራማሪዎች በአይጥ ግንድ ሴል ውስጥ ጠርዝ ላይ ያሉ ጂኖችን ሲያስነሱ ወደ መሀል ገቡ። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ጂኑ ሳይነሣ ክሮማቲኑን ብቻ እንዲላላ ሲያደርጉም ግን መሀል ገባ። ቦታውን የሚወስነው የጥግግቱ ሁኔታ ነው ማለት ነው፤ ጂኑ መነበብ አለመነበቡ አይደለም።

ሌላም አለ። ጠርዙ ሁሉ ጸጥ ያለ ቀጣና አይደለም። በኒውክለስ ሽፋን ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሥር ያለው ቦታ ከጥቅጥቅ ክሮማቲን የጸዳ ነው፤ ቲፒአር የሚባል ፕሮቲን ያጸዳዋል። ደግሞስ ጥግ የያዘ ጥግ ላይ ይቀራል ያለው ማነው? በ2013 የኔዘርላንድሶቹ ተመራማሪዎች ከጠርዙ ጋር የተነካኩትን ክልሎች ምልክት አድርገው ሴሉ እስኪከፈል ጠበቁ። በልጅ ሴሎቹ ውስጥ ብዙዎቹ ወደ ጠርዙ አልተመለሱም፤ ቦታቸው እንደ አዲስ ተደለደለ። በአንድ ሴል ውስጥ በአንድ ጊዜ ጠርዙን የሚነኩት ከእነዚያ ክልሎች አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ናቸው።

የማያስፈልገው ክፍል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ክሮሞዞሞች በሴል መከፈል ጊዜ በእኩል የሚጎተቱት ሴንትሮሜር ላይ ተይዘው ነው፤ ሴንትሮሜር ዙሪያውን የከበበው ሄትሮክሮማቲን ነው። እሱ ሲበላሽ ክሮሞዞም በትክክል አይከፋፈልም። የፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ ደግሞ ላይትና ሮልድ የሚባሉ፣ ያለ እነሱ ዝንቡ የማይኖርባቸው ጂኖች የሚገኙት እዚያው ሄትሮክሮማቲን ውስጥ ነው። ላይት የተባለው ተነቅሎ ላላው ክፍል አጠገብ ሲወድቅ በአግባቡ መሥራት ያቅተዋል። የሰው ጂኖምም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተነበበ ሲባል 8 በመቶ ገደማው ቀርቶ ነበር። በ2022 ተሟልቶ ሲወጣ ከተጨመረው 200 ሚሊዮን የሚጠጋ ፊደል ብዙው የዚህ ጥቅጥቅ ክፍል ሆኖ ተገኘ። የማያስፈልግ ተብሎ ሳይሆን ለማንበብ ስላስቸገረ ነበር የተተወው።

የሴቶች ኤክስ ክሮሞዞምም መነሣት ነበረበት። ከሁለቱ አንዱ ተጠቅልሎ ባር ቦዲ የሚባል ጥቁር ነጥብ ይሆናል፤ ባርና በርትራም በ1949 ድመቶች ነርቭ ሴል ውስጥ ነበር ያዩት። ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ጠርዝ ላይ ወይም ኒውክሊዮለሱ አጠገብ ነው። ሆኖም ከተጠቀለለው ክሮሞዞም ላይ እንኳ 15 በመቶ ገደማ ጂኖች መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ጥቅጥቅ ሁሉ ሙት ነው ለሚል ይህ ብቻ በቂ ነበር።

በጣም ያሳሰበኝ የመጨረሻው ነው፤ እርጅና። ጸሐፊው ፕሮጀሪያን ምሳሌ አድርገዋል። ሕመሙ ልጆችን ገና በጨቅላነታቸው የሚያስረጅ ነው፤ መንስኤው የላሚን ኤ ጂን ላይ ያለ ሚውቴሽን መሆኑ በ2003 ታውቋል። የተበላሸው ፕሮቲን ሲጠራቀም ኒውክለሱ ይጨማደዳል፣ ጠርዙ ላይ ያለው ሄትሮክሮማቲንም ይሳሳል። ይህ እውነት ነው። ከዚህ ተነስቶ ግን ክሮማቲኑን ያጠበቀ ወጣት ሆኖ ይኖራል ማለት አይቻልም። ለሕመሙ በ2020 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሎናፋርኒብ ክሮማቲን አያጠብቅም፤ የተበላሸው ፕሮቲን ሽፋኑ ላይ እንዲለጠፍ የሚያደርገውን ኢንዛይም ነው የሚያግደው።

መላላትም ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። በ2020 የወጣ ጥናት የቆዳ ግንድ ሴሎች በኃይል ሲለጠጡ ሄትሮክሮማቲናቸውን ራሳቸው እንደሚያላሉ አሳይቷል። ኒውክለሱ በዚህ ይለሰልስና ዲኤንኤው ከመሰበር ይድናል። ይህ እንዳይሆን ሲከለከሉ ዲኤንኤያቸው ተጎዳ።

መጥበቅም የራሱ በሽታ አለው። ኢዜድኤች-2 የሚባለው ኢንዛይም ጂኖችን ጸጥ የሚያሰኝ ምልክት ሂስቶን ላይ ያደርጋል። በአንዳንድ የሊምፎማ (የሊምፍ ሴሎች ካንሰር) ዓይነቶች ይህ ኢንዛይም በሚውቴሽን ምክንያት ከልክ በላይ ይሠራል፤ መሥራት ያለባቸው ጂኖች ይዘጉና ሴሉ መባዛቱን ይቀጥላል። ታዝሜቶስታት የተባለው መድኃኒት ኢንዛይሙን አግዶ የተዘጋውን እንዲከፍት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሎናፋርኒብ በተፈቀደበት በዚያው ዓመት ለዚህ ሊምፎማ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ ነበር። ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ ባይነኩት እንኳ ይህን የእርጅና አንቀጽ እንዲያነሱት እለምናለሁ፤ ፕሮጀሪያ ወይም ሊምፎማ ያለበት ሰው ቤተሰብ ሊያነበው ይችላልና።